ቅጠሉ ለከብት፣ ግንዱ ለምድጃ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ቶሎ የሚያድጉ ዛፎችን ተክሎ መኖም ማገዶም ስለማግኘት የሚጠይቁ ናቸው። ረዣዥሞቹን አሳጥሬአቸዋለሁ። ስማችሁ እንዳይወጣ የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ የማንንም ስም አላወጣሁም።

«እትዬ፣ በአጥሬ ዙሪያ ሰስባኒያና ሉኪኒያ ቀላቅዬ ከተከልኩ ሁለት ዓመት አለፈው። ሐሳቤ ቅጠሉን ለሁለት ላሞቼ እየቆረጥኩ፣ ግንዱ ሲወፍር ደግሞ ለማገዶ ማድረግ ነበር። እስካሁን ግንዱ ከአውራ ጣቴ አልበለጠም፤ ከሰስባኒያው ሲሶው ደርቋል። ላሞቹ ለጋውን ስለሚወዱት ገና ለጋ ሳለ ነው የምቆርጥላቸው። በሽታ ገብቶበት ይሆን?»

በሽታ አልገባበትም፣ ወንድሜ። «ለጋ ሳለ» ያልከው ነው የገደለው።

ዛፍ ተቆርጦ ባዶውን ሲቀር የመጀመሪያውን ቡቃያ የሚያወጣው ከፀሐይ ባገኘው ኃይል አይደለም፤ ፀሐይዋን የሚቀበልበት ቅጠል የለውምና። የሚያወጣው በግንዱና በሥሩ ካከማቸው ስታርች ነው። ሥርን እንደ ጎተራ ቁጠረው፤ ቡቃያው በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት አረንጓዴ ሆኖ ዓይንህን ሲስበው ጎተራው ሊሟጠጥ የቀረበበት ጊዜ ነው። ቅጠሉ ሲጠነክር ብቻ ለራሱ ተርፎ ወደ ታች መላክ ይጀምራል። አንተ ግን ሊመልስ ሲል ደርሰህ ትወስድበታለህ። በዚህ ላይ ከላይ በተቆረጠ ቁጥር ከመሬት በታችም ቀጫጭን ሥሮች ይሞታሉ፤ በሥሩ ላይ ሆነው ከአየር ናይትሮጅን የሚያጠምዱት እብጠቶች ሳይቀሩ ይረግፋሉ። ስለዚህ ሳይበረታ በተደጋጋሚ የተቆረጠ ዛፍ ቡቃያው ብቻ ሳይሆን ውኃና ምግብ የሚስብበት አካሉም እያነሰ ይሄዳል። ሁለትና ሦስት ጊዜ ይችለው ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ይደርቃል።

ሰስባኒያው ቀድሞ የሄደው ተፈጥሮው ስለሆነ ነው። ፈጥኖ ያድጋል፣ ፈጥኖም ያረጃል፤ በደንብ ቢያዝም ዕድሜው ጥቂት ዓመታት ነው። ዝቅ ተደርጎ መቆረጥን ደግሞ ፈጽሞ አይወድም። ከጉልበት በታች አትቁረጠው። ከ75 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ላይ ቁረጠው፤ ያም ሆኖ ሁሉንም አትላጨው፣ ቅጠል ያላቸውን ጥቂት ቅርንጫፎች ተውለት። ሉኪኒያ በዚህ በኩል ጠንካራ ነው። ከ50 ሴንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ባለው ከፍታ ሙሉ በሙሉ ቢቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በቂ ዕረፍት እስካገኘ ድረስ ለብዙ ዓመታት ይህን ማድረግ ይችላል።

ዕረፍቱ ስንት ነው? በዝናብ ወራት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ነው፤ በደረቅ ወቅት ከዚያ በላይ ይፈጃል። እኔ ግን ቀን ከመቁጠር ዛፉን ማየት እመርጣለሁ። አዲሱ ቅርንጫፍ ወደ አንድ ሜትር ሲጠጋ፣ የግርጌው ቅርፊትም ከአረንጓዴነት ወደ ቡናማነት ሲለወጥ ያኔ ደርሷል። ላሞችህ ለጋው ይበልጥ ይጣፍጠናል ቢሉህ አትስማቸው። የበሰለውም ቅጠል ቢሆን ከገለባ የትና የት የበለጠ ፕሮቲን አለው።

የመጨረሻውን ቆረጣ የምታደርግበትን ጊዜ ደግሞ በጥንቃቄ ምረጥ። ብዙ ሰው መሬቱ ደርቆ ሣሩ ሲያልቅ ነው ዛፉ ትዝ የሚለው። በዚያን ጊዜ የተቆረጠ ዛፍ ማቆጥቆጫ ውኃ የለውም። ዝናቡ ሊያበቃ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ቁረጠውና የሚያወጣው ቅጠል በአፈሩ እርጥበት አድጎ ደረቁ ወቅት ይድረስበት። ቅጠሉ የሚጠቅምህ ሌላው መኖ ባለቀበት በዚያ ጊዜ ነው።

ወደ ማገዶው እንምጣ። ግንድ የሚወፍረው ቅጠሉ ሠርቶ በሚያተርፈው ነው። ቅጠሉን በየሁለትና ሦስት ወሩ ከወሰድክበት የሚተርፍ ነገር ስለሌለ የምታገኘው ጭራሮ ብቻ ነው። ጭራሮ ማገዶ አይደለም አልልም፤ ቅጠሉን ከብቶቹ ከለቀሙት በኋላ የሚቀረውን እንጨት እያሰሩ ማድረቅ ለፈጣን እሳት ይጠቅማል። ፍልጥ ከፈለግህ ግን ዛፎቹን በሥራ መከፋፈል አለብህ። በሉኪኒያው ረድፍ ውስጥ በየአምስተኛው ዛፍ ላይ ቀለም ቀባበት። ቀለም የተቀባው ሦስት ዓመት ያህል አናቱ አይነካም። የታችኛውን ቅርንጫፍ እያነሳህ ለላሞቹ መስጠት ትችላለህ፤ ከቁመቱ ግማሽ በላይ ያለው ቅጠል ግን የግንዱ ነው። ግንዱ ሲደርስ በመጋዝ ትጥለዋለህ፤ ጉቶው ወደ ቅጠል ረድፉ ይመለሳል፣ ቀለሙም ወደ ጎረቤቱ ዛፍ ይዛወራል። ሁሉንም ባለቀለም ዛፎች በአንድ ጊዜ አትጣል፤ በየዓመቱ ሲሶ ሲሶውን ከጣልክ ማገዶው አይቋረጥብህም። ረጅሞቹ በሥራቸው ያሉትን ስለሚያጠሉ ቅጠሉ ትንሽ ይቀንሳል፤ ይህን አስቀድመህ እወቀው።

ከብቶች በልቅ የሚውሉበት ቦታ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ግንዱን ሁለት ሜትር ገደማ ላይ ቆርጠህ ቅርንጫፉ ከዚያ በላይ እንዲወጣ ማድረግ ነው፤ ቡቃያው ከአፋቸው በላይ ይሆናል። በሰሜን አውሮፓ ገበሬዎች ለብዙ ዘመናት ሳር በማይገኝበት ክረምታቸው እንስሶቻቸውን የመገቡት እንዲህ ከፍ አድርገው ከመለመሏቸው ዛፎች በተሰበሰበ ደረቅ ቅጠል ነበር። ጉዳቱ መሰላል ላይ መውጣት ማስፈለጉ ነው። እኔ መሰላል ላይ ሆኖ ገጀራ የሚያወናጭፍ ሰው ማየት አልወድም፤ የእጅ መጋዝ ይበቃል። መሬት ላይ ቆመህ ስትቆርጥም ቢሆን ስለት ያለው መሣሪያ ያዝ፣ ቁርጡንም አጋድለው፣ ውኃ እንዳይተኛበት። በዶማ አፍ የተገዘገዘ የሚመስል ጉቶ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ይበሰብሳል።

የደረቀው ሰስባኒያ ቦታ ላይ እንደገና ሉኪኒያ ብቻ አትሙላበት። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የሉኪኒያን እምቡጥ የምትመጥ ጥቃቅን ነፍሳት ፓስፊክን አቋርጣ እስያን አዳረሰች፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ምሥራቅ አፍሪካ ደረሰች። ሌላ ዛፍ ያልነበራቸው አርቢዎች መኖአቸው በአንድ ወቅት ውስጥ ከሰለባቸው። ካሊያንድራ፣ ግሊሪሲዲያ፣ ከፍ ባለና ውኃ በማይተኛበት ቀዝቃዛ መሬት ደግሞ ትሪሉሰርን አለልህ። ሉኪኒያ ዘሩ በየቦታው በቅሎ የሚያስቸግር ዛፍም ስለሆነ ፍሬው ከመድረቁ በፊት መቁረጥ የአንተ ኃላፊነት ነው።

«የአህያዬ ጋማና ጭራ እየተነቀለ ነው። እከክ መስሎኝ መድኃኒት ቀባሁላት፣ አልተሻላትም። ከላሞቹ ጋር ሉኪኒያ ትበላለች፤ ላሞቹ ግን ምንም አልሆኑም። ቅጠሉ ነው የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው?»

ካሉት ምልክቶች ተነሥቼ ስናገር፣ የነገሩዎት ሰዎች ልክ ይመስሉኛል። ቅጠሉን ዛሬውኑ ያቁሙላት። በአህያ፣ በበቅሎና በፈረስ ላይ የጋማና የጭራ ፀጉር መርገፍ የሉኪኒያ የታወቀ ምልክት ነው። በቅጠሉ ውስጥ ሚሞሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የፀጉር ሥር ሕዋሳት እንዳይባዙ ያግዳል። አመጋገቡ ሲቋረጥ ፀጉሩ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። በጥቂት ሳምንታት ለውጥ ካላዩ ወይም ቆዳዋ ከቆሰለ የእንስሳት ሐኪም ይያት፤ እከክም ቢሆን አብሮ ሊኖር ይችላል። ጥንቸል፣ ዶሮና አሳማ ካለዎት ለእነሱም የሉኪኒያን ቅጠል ባይሰጡ እመርጣለሁ።

ላሞቹ ለምን ዳኑ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከማውቃቸው የመኖ ታሪኮች ሁሉ የምወደው ይህን ነው። አመንዣጊ እንስሳ ሲበላው በጨጓራው ያሉት ረቂቅ ነፍሳት ሚሞሲንን ወደ ሌላ ነገር ይለውጡታል። ያ ሁለተኛው ነገርም ቢሆን ጉዳት አለው፤ የእንቅርት ዕጢን ሥራ ያውካል፣ እንስሳው ለሀጩ ይዝረበረባል፣ ይከሳል። በአውስትራሊያ ከብቶች እንዲህ ይታመሙ ነበር፤ በሃዋይ ግን ፍየሎች ያንኑ ቅጠል እየበሉ ደኅና ነበሩ። ሬይመንድ ጆንስ የሚባሉ አውስትራሊያዊ ተመራማሪ ልዩነቱ በጨጓራ ውስጥ ያለ መሆን አለበት ብለው ጠረጠሩ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከሃዋይ ፍየሎች ጨጓራ የተወሰደ ፈሳሽ ለአውስትራሊያ እንስሳት ተሰጠ፤ ሕመሙም ቀረ። መርዙን የሚያፈርሰው ባክቴሪያ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ስም ሲወጣለት በእሳቸው ስም ተጠራ። ባክቴሪያው አብረው ከሚውሉ እንስሳት አንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ምናልባት የእርስዎ ላሞች ይኖራቸው ይሆናል። ይሁንና አለ ብሎ መመካት አያስፈልግም። ሉኪኒያ ከቀን መኖአቸው ከሲሶ እንዳይበልጥ ያድርጉ፤ የቀረው ሣር፣ ድርቆሽ ወይም ገለባ ይሁን።

«አትክልት ቦታዬን ስገርዝ የኮክና የአቮካዶ ቅጠል በብዛት ይወጣል። ለፍየሎች ብጥለው?»

አትጣይላቸው። የኮክና የፕሪም ቅጠል በተለይ ሲጠወልግ ሳያናይድ ያወጣል፤ በብዛት ከተበላ በፍጥነት ይገድላል። ዛፉ ላይ እያለ ነካ ነካ አድርገው የሚያልፉት ፍየሎች ተቆርጦ የወደቀውን ክምር ሲያገኙ በአንዴ ይሞላሉና አደጋው እዚያ ነው። የአቮካዶ ቅጠል ደግሞ የምትታለብን ፍየል ጡት ያሳብጣል፣ ወተቷን ያቆማል፤ ልብንም ይጎዳል። ሁለቱንም ለማገዶና ለብስባሽ አውይው፣ ጥንቸሎችም እንዳይደርሱበት ክደኚው። የምታውቂያቸውን የመኖ ዛፎች እንኳ ቢሆን ፍየሎቹ ባዶ ሆድ ሆነው እንዲጀምሩ አታድርጊ።

«አንዲት የምትታለብ ላም አለችኝ። የሚገዛ መኖ ትቼ በዛፍ ቅጠል ለመተካት ስንት ዛፍ መትከል አለብኝ?»

ለካሊያንድራ በምሥራቅ አፍሪካ አርሶ አደሮች ዘንድ የተፈተነ ቁጥር አለ፤ 3 ኪሎ ግራም እርጥብ ቅጠል 1 ኪሎ ግራም የወተት ላም የተመጣጠነ መኖን ይተካል። በቀን 6 ኪሎ ግራም እርጥብ ቅጠል ዓመቱን ሙሉ ለመስጠት 500 ያህል ዛፍ ያስፈልጋል። በረድፍ በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከተተከለ 250 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ብዙ መስሎ ከታየህ የአጥርህን ዙሪያ፣ የእርከንህን ጠርዝና የመንገድህን ዳር ለካ፤ አብዛኛው ቦታ ዛሬም ባዶውን ነው ያለው። ችግኙ የመጀመሪያውን ቆረጣ የሚችለው ከተተከለ ከ9 እስከ 12 ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ላሚቱ እንዳትደርስበት አጥረው፤ ሕፃን ችግኝ አንድ ጊዜ ከተነቀለ አለቀለት።

መተካት ያልከው ግን የተመጣጠነውን መኖ እንጂ ገለባውንና ሣሩን እንዳይሆን። የገለባን ቃጫ የሚፈጩት በጨጓራ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት ናቸው፤ እነሱ ናይትሮጅን ካላገኙ ላሚቱ የበላችው ገለባ ሆዷ ውስጥ ይቆያል፣ ሌላም መብላት አትችልም። ቅጠሉ ሲጨመር ነፍሳቱ ይበረታሉ፤ ገለባውም በፍጥነት ይፈጫል። ቅጠል ብቻ ብትሰጣት ግን ጥቅሙ ይባክናል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሰው ያሳስታል። ካሊያንድራ ታኒን ስላለው በቆረጥከው ዕለት እርጥቡን ስጣት፤ ሲደርቅ ፕሮቲኑ ይታሰራል፣ ላሚቱም ትተወዋለች። ግሊሪሲዲያ በተቃራኒው ነው። ሽታው ስለማይስባቸው ብዙ ላሞች መጀመሪያ ይሸሹታል፤ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ጠውልጎ ሲሰጣቸው፣ ከለመዱት መኖ ጋር በጥቂት በጥቂቱ ሲቀላቀል ይለምዱታል። ለአንዱ የሠራውን ለሌላው አትድገም።

«የባሕር ዛፍ ጉቶዎቼ እያንዳንዳቸው እንደ መጥረጊያ ብዙ ቡቃያ አውጥተዋል። ልተወው? ባለፈው የቆረጥነው እንጨት ደግሞ ቤቱን በጭስ ሞላው እንጂ አልነደደም።»

ቡቃያው ከ1 እስከ 2 ሜትር ሲደርስ በየጉቶው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ አስቀርና የቀረውን አንሣው። የምታስቀረው ከመሬት ቀረብ ብሎ የወጣውን ነው፤ ከጉቶው አናት ላይ የበቀለ ሲከብድ በነፋስ ይገነጠላል። እርስ በርስ የተራራቁትንም ምረጥ። የሚቀጥለውን ጊዜ ጉቶውን 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ አድርገህ ዝቅ በማድረግ በመጋዝ ቁረጥ። ቅጠሉ መኖ አይሆንም፤ እንስሳት የዘይቱን ሽታ ይሸሹታል።

ጭሱ የእርጥብ እንጨት ጭስ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህል ውኃ ነው። እሳቱ ይህን ውኃ ሲያተን ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝም ለመንደድ የሚያስፈልገውን ሙቀት ስለሚያጣ ጭስ ሆኖ ይሄዳል። ያ ዓይንህን የሚለበልበው ጭስ ያልነደደ ማገዶህ ነው። ዛፉን እንደጣልከው ቅጠሉን አታራግፍ። ሁለትና ሦስት ሳምንት ከነቅጠሉ ቢቆይ ቅጠሎቹ ውኃውን ከግንዱ እየሳቡ ያስተኑልሃል። ከዚያ ቁረጠው፣ ፍለጠው፤ ሳይፈለጥ በቅርፊቱ ውስጥ የቆየ ግንድ ዓመት ቢቀመጥም ልቡ አይደርቅም። መሬት ሳይነካ በእንጨት ላይ ደርድረው፣ ከላይ ክደነው፣ ጎኖቹን ለነፋስ ክፈተው። መድረቁን ለማወቅ እኔ አንድ ምልክት ያደረግሁበትን ፍልጥ በሚዛን እያነሣሁ እመዝናለሁ፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ክምሩ ለምድጃ ደርሷል። ሚዛን ከሌለህ ሁለት ፍልጥ አጋጭተህ ስማቸው፤ እርጥቡ ድምፁ ይታፈናል፣ ደረቁ ይጮሃል። ፍልጦቹ ጫፋቸው ላይ ስንጥቅ ካወጡ ያም መልካም ምልክት ነው።

«የሉኪኒያ ዘር ዘርቼ ከመቶው አሥር እንኳ አልበቀለም። ዘሩ አሮጌ ይሆን?»

ምናልባት ዘሩ ደኅና ነው፤ ቅርፊቱ ውኃ አያስገባም። ውኃ አፍልተሽ ከእሳት አውርጂው፤ ትንሽ በርዶ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ዘሩን አስገቢና ሦስት ወይም አራት ደቂቃ አቆይው። ከዚያ ሙቁን ደፍተሽ በቀዝቃዛ ውኃ ሌሊቱን ይደር። በማግስቱ ያበጠው ለመዝራት ዝግጁ ነው፤ ሳያብጥ የቀረውን እንደገና በሙቅ ውኃ ሞክሪው። የፈላ ውኃ ውስጥ እያፈላሽ እንዳታቆዪው፤ ይበስላል። ያበጠው ዘር ደግሞ ተመልሶ ከደረቀ ይሞታል፤ በዚያው ቀን አፈር ውስጥ ይግባ፣ ጥልቀቱም ከዘሩ ውፍረት ሁለት እጥፍ አይብለጥ።